ፍራሹ ላይ ማን ይቀመጣል?

«ፎልሴቶስ» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር የመጀመሪያ ክፍሉ ሲጻፍ፣ ደራሲው ሁለተኛው ክፍል ስለ ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር። ሊያውቅም አይችልም። ዊልያም ፊን ግጥምና ዜማውን የሠራለት ይህ የመጀመሪያ ክፍል ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ቴአትር ቤት ለመድረክ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ፣ በጁን ወር፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳንባ ምች መያዛቸውን የሚገልጽ አጭር ሪፖርት አወጣ። ኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው ያን ጊዜ ነበር። መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ስለ እራት ሰዓትና ስለ ቼዝ ጨዋታ ይጨቃጨቃሉ።

ሁለተኛው ክፍል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ፊን በሚኖርበት ከተማ ስንት ሰው እንደተቀበረ አስቡት። በ1992 ሁለቱ ክፍሎች ተጣምረው፣ ከጀምስ ላፒን ጋር በተጻፈ ድርሰት ብሮድዌይ ገቡ፤ በዚያው ዓመትም በድርሰቱና በሙዚቃው የቶኒ ሽልማት አገኙ። ፊን እ.ኤ.አ. በ2025 በ73 ዓመቱ አረፈ። እኔ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ አዲስ ተዘጋጅቶ በካሜራ የተቀረጸውን ነው፤ ሐዋሳ፣ ቤቴ ተቀምጬ፣ በላፕቶፕ። የእንግሊዝኛው ግጥም ስለሚሮጥብኝ በየመሀሉ እያቆምኩና እየመለስኩ ነበር የማየው። ሙዚቃ እየቆራረጡ ማየት ግፍ ነው፤ ምርጫ ግን አልነበረኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማርቪን የሚባል ሰው ሚስቱን ትሪናንና ልጁን ጄሰንን ትቶ ዊዘር ከሚባል ወንድ ጋር መኖር ይጀምራል። ይሁን እንጂ ምንም ነገር ማጣት አይፈልግም፤ ሚስቱም፣ ልጁም፣ ፍቅረኛውም በአንድ ገበታ ዙሪያ እንዲቀመጡለት ይሻል። የማርቪን የሥነ አእምሮ ሐኪም ሜንደል ደግሞ ከትሪና ፍቅር ይዞት ያገባታል። ልጁ ጄሰን ከአዋቂዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚሰማው ዊዘርን ነው። በሁለተኛው ክፍል ሁለት ጎረቤቶች ይጨመራሉ፤ አንዷ ሐኪም፣ ሌላዋ ለድግስ ምግብ አዘጋጅ፣ እነርሱም እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። ሰው በሙሉ ሰባት ነው። የሚነገረው ሁሉ፣ ጭቅጭቁም ጭምር፣ በዜማ ነው።

እንዲህ ያለ ኑሮ በሀገራችን ሕግ ያስቀጣል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያወግዘዋል። ቴአትሩ እዚህ መድረክ እንደማያገኝ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ስለዚያ ለመከራከር አይደለም። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ትሪና፣ ከዚያ ልጁ፣ በመጨረሻም የሆስፒታሉ ክፍል።

ትሪና በአንድ ትዕይንት ብቻዋን ማድ ቤት ትገባና ካሮትና ሙዝ እየከተፈች ትዘፍናለች። ባሏ ሄዷል፤ ልጇ አያናግራትም፤ ሁሉም የራሱን ስሜት እንድትረዳለት ይጠይቃታል፤ እራት ግን በሰዓቱ ይጠበቅባታል። ተመልካቹ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ቢላዋው እየፈጠነ ሲሄድ ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እናቶቻችን ሽንኩርት ሲከትፉ ማልቀሳቸውን በሽንኩርቱ ሲያሳብቡ ያላየ የለም። ይህች ሴት የምታሳብብበት እንኳን አላገኘችም።

ማርቪንን ግን አልወደድኩትም፤ እስከ ሁለተኛው ክፍል አጋማሽ ድረስ የሚያናድድ ሰው ነው። ሰው ሁሉ በእርሱ ዙሪያ እንዲሽከረከር የሚፈልግ፣ ሲሸነፍ የሚያኮርፍ። ስለ ሥነ አእምሮ ሕክምና የሚወረወሩት ቀልዶችም ለእኛ ብዙ አይጥሙም። የ2016ቱ ዝግጅት መድረኩ ላይ አንድ ትልቅ ግራጫ ኩብ አስቀምጧል፤ ተዋናዮቹ ቁራጮቹን እየነቀሉ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ በር ያደርጓቸዋል፣ መልሰውም ይገጣጥሟቸዋል። የፈረሰና እንደገና የሚገጠም ቤተሰብ ማለታቸው ነው። ትንሽ ግልጽ በዛ፤ ዓይን ግን አይሰለቸውም።

በሁለተኛው ክፍል ጄሰን 13 ዓመት ሊሞላው ነው። በአይሁድ ሥርዓት በዚያ ዕድሜ ልጅ ባር ሚትስቫ ይደረግለታል፤ ከመጽሐፉ አንብቦ በሃይማኖቱ እንደ አዋቂ ይቆጠራል፤ ድግስም ይደገሳል። አባትና እናት በጥሪው ይጣላሉ። ማን ይጠራ፣ ማን ይቅር፣ ምግቡን ማን ያቅርብ። ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ ሐበሻ ይህን ትዕይንት ያለ ትርጉም ይረዳዋል፤ በጥሪ ካርድ የተነሣ እስከ ዛሬ የማይነጋገሩ ወንድማማቾች አውቃለሁ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ዊዘር ይታመማል። ጎረቤቲቱ ሐኪም ወንዶች እየታመሙ ወደ እርሷ መምጣታቸውን፣ ምን እንደነካቸውም እንደማታውቅ ትዘፍናለች። የበሽታው ስም በቴአትሩ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳን አይጠራም።

እዚህ ላይ የቆየ ነገር ተነሣብኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። በእነዚያ ዓመታት በየቀብሩ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይል ነበር፤ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የሆቴል አስተናጋጅም፣ መምህርም፣ የመንግሥት ሠራተኛም በዚያችው ዐረፍተ ነገር ተሸኝተዋል።

በትምህርት ቤት ግን ስሙ ይጠራ ነበር፤ ያውም በጩኸት። ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረን፤ እኔም አባል ነበርኩ። በየሰልፉ፣ በየበዓሉ፣ በየአዳራሹ ድራማና መዝሙር እናቀርባለን። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከሩቅ የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ወይም ከከተማ የተመለሰ ዘመናዊ ጎረምሳ አለ፤ አንዲት ያላወቀች ልጅ አለች፤ በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ከነጭ አንሶላ ሥር የተኛው ሕመምተኛ እየሳለ ይነሣና ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይመክራል። ከዚያ ይሞታል። ከበሮ ይመታል፤ መዝሙር ይዘመራል። እኔ ከቤተ ሙከራ በተዋስነው ነጭ ካፖርት ሐኪሙን እሠራ ነበር፤ ሥራዬም ራሴን መነቅነቅ ነው። ክበቡ ውስጥ ግጥም የሚረሳ ሞልቶ ነበር፤ መሳል የሚያቅተው ግን አልነበረም።

እነዚያን ድራማዎች ለማቃለል አይደለም። ምናልባት ሰው አድነዋል፤ በዚያን ጊዜ ከእነርሱ የተሻለ መሣሪያም አልነበረንም። አሁን ሳስባቸው የሚያስጨንቀኝ ግን አልጋው ነው። በአልጋው ዙሪያ ማንም አልነበረም። ሕመምተኛው እናት፣ ጓደኛ፣ ውኃ የሚያቀብለው ሰው አልተጻፈለትም። የተፈጠረው ለእኛ እንዲናገር ስለሆነ፣ ተናግሮ ሲጨርስ ሥራው አለቀ። ከአዳራሹ ስንወጣ ትምህርት ይዘን እንወጣ ነበር፤ ሰውዬውን ግን የያዘው የለም። ሰፈራችን ውስጥ በእውነት የታመመ ሰው ሲያጋጥመንም የምናየው በዚያው ዓይን ነበር፤ ትምህርት ተኝቶ እንደምናይ።

ዊዘር ማንንም አይመክርም። ኳስ ይጫወታል፣ ይቀልዳል፣ ይፈራል፣ ለመታየት ይጨነቃል። ክብደቱን የሚሸከሙት በዙሪያው ያሉት ናቸው። ልጁ ድግሱ እንዲዘገይ ይፈልጋል፤ ወላጆቹ ይከራከራሉ። በመጨረሻ ጄሰን ራሱ ይወስናል፤ ባር ሚትስቫው በዊዘር የሆስፒታል ክፍል ይደረጋል። ምግቡ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሰዎቹም ለብሰው ይሄዳሉ። የቀድሞ ሚስት፣ አዲሱ ባሏ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች፣ አባት፣ ልጅ። ትሪና ትዳሯን ያፈረሰባት ሰው አልጋ አጠገብ ቆማለች። ይህን ሴራ ለመጻፍ ድፍረት ያስፈልጋል፤ በቀላሉ ወደ ማስለቀሻነት ይወርድ ነበርና። ፊን ያዳነው በቀልድ ነው። ሰዎቹ እዚያም ክፍል ውስጥ መነካከሳቸውን አይተዉም።

አንድ ወዳጄ ጥቂት ትዕይንት አይቶ «በእውነተኛው ዓለም ማን ነው እየዘፈነ የሚጣላው?» አለኝ። በሀገር ፍቅር ቴአትር መድረክ ድራማና ዘፈን ጎን ለጎን እንደኖሩ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ቤቱ ከተመሠረተ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው። ግን ከዚያም ይልቅ ቀረብ ያለ መልስ አለ። እኛ በጣም ስንጎዳ እንዘፍናለን። ሙሾ ምንድን ነው ታዲያ? አስለቃሿ መሀል ገብታ ዜማውን ስትጀምር፣ ተራ ንግግር የሚያፍርበትን ነገር ሁሉ በግጥም ታወጣዋለች፤ ክስም፣ ምስጋናም፣ የቤተሰብ ምስጢርም። ጎበዝ አስለቃሽ ከመጀመሯ በፊት ዝቅ ብላ ትጠይቃለች። እናቱ የትኛዋ ናት? ያቺ ጥቁር ነጠላ ያደረገችው ምኑ ናት? መልሱ ከተዛባ ልቅሶው ይዛባል።

ልጅ ሆኜ በምኖርበት ሰፈር፣ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ፣ ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ግቢያቸው ውስጥ ጨቅላ የያዘች ወጣት ተከራይ ነበረች፤ ሆቴል ትሠራ ነበር። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ታማ ሞተች። ሕፃኑ እትዬ ዘንድ ቀረ። ለሳምንት ነው ተብሎ ነበር፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ፣ ከዚያ ማንም ቀን መቁረጡን ተወ። የሟች የሥራ ጓደኛ የነበረች ሌላ አስተናጋጅም ልጁን ለማየት እየመጣች ቆይታ አንድ ቀን ፍራሿን ይዛ ገባች። ሁለት ሴቶችና አንድ ልጅ፣ በሥጋ የማይዛመዱ። አንዷ ቀን ትሠራለች፣ ሌላዋ ማታ፤ ልጁ ብቻውን አድሮ አያውቅም። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ በአባት ስም ቦታ የእናቱ አባት ስም ተጻፈ፤ ሁለቱ ሴቶች ያን ሽማግሌ አይተውት አያውቁም።

ልጁ አድጎ ባጃጅ ይነዳ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ሞተ።

ጥሩንባው ሲነፋ እድርተኛው ደንቡን አላገላበጠም። ድንኳኑ ወዲያው ተተከለ፣ ወንበርና ብረት ድስት መጣ፣ መቃብር የሚያስቆፍሩት ሄዱ። ለዚህ ሰፈሬን አመሰግነዋለሁ። ችግሩ የመጣው ከገጠር አንድ አጎት ሲደርስ ነው፤ የሟች እናቱ ወንድም። ልጁን አይቶት የማያውቅ፣ ደግ የሚመስል፣ እውነተኛ እንባ የሚያነባ ሰው። ሽማግሌዎቹ የደም ዘመድ መጣ ብለው ፍራሹ ላይ አስቀመጡት፤ ለቀስተኛው ሁሉ እርሱን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለው ጀመር። እትዬ ተነሥተው ንፍሮ ማዞር ጀመሩ። በገዛ ልጃቸው ልቅሶ አስተናጋጅ ሆኑ። ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም፤ ማንም ግን አልከለከለም።

አስለቃሿ የመጣችው በሁለተኛው ቀን ነው። የሰፈሩ ሰው ስለሆነች ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጥቂት ስለ ልጁ መልክና ስለ ባጃጁ ካለች በኋላ፣ ሰሐን ይዘው ወደቆሙት እትዬ ዞረችና እንዲህ አለች፦

«ሆድሽ ባይሸከመው ጀርባሽ ተሸክሞ፣
እናት ነሽ ይልሻል ሰፈርተኛው ቆሞ።»

ሰሐኑን አንዱ ተቀበላቸው። አጎትየው ራሱ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ያቺ ሌላዋ ሴት ግን፣ ማታ ማታ ልጁን ታቅፋ የምታስተኛው፣ ማድ ቤት ውስጥ ጭስ መሀል ነበረች። ለእርሷ ግጥም አልወጣላትም። በ«ፎልሴቶስ»ም የማዝነው በዚህ ነው፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ለቤቱ ብዙ ሆነው ሳለ ደራሲው ለእነርሱ ለራሳቸው ታሪክ ቆንጥሮ ነው የሰጣቸው። ደግ ጎረቤት ለጸሐፊም ለሰፈርም በቀላሉ የሚረሳ ሰው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እድሩ ግማሹን ብቻ ከፈለ። በመዝገቡ ላይ ልጁ «አብሮ የሚኖር» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ በደንቡ ደግሞ ሙሉ ክፍያ ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጅና ለወላጅ ነው። ሰብሳቢው ሲያስረዱ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ለአንድ ሰው ከፈታነው ለሁሉም ልንፈታው ነው፣ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል አሉ። እውነት አላቸው። ደንብ ከሌለ እድር አይቆምም። ነገር ግን ያ መዝገብ ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ መዝገብ ነው። ቤተሰብህ ማን ነው ብሎ በሕይወት እያለህ ይጠይቅሃል፤ መልሱን የሚያነበው ግን ሞት ሲመጣ ነው።

ይህ ጥያቄ አሁን በከተማችን እየበዛ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ፣ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች መጡ። ደመወዛቸው ለብቻ ቤት አያከራይም። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፤ በአንድ ድስት ይበላሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ፣ አንዷ ስትታመም የሥራ ፈረቃ ተለዋውጠው ያስታምማሉ። ቋንቋቸው እንኳን አንድ ላይሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከፓርኩ ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ወጣ፤ አሜሪካም ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድሉን አገደች። ብዙ ልጆች ሥራ አጡ፤ ብዙ ክፍሎች ተበተኑ። አብራት ክረምት ከበጋ የኖረች ጓደኛዋ በአንድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ስትሄድ፣ ለቀሪዋ ማን ድንኳን ይተክልላታል? ያም ማጣት ነው፤ ሥርዓት የሌለው ማጣት።

የእኛ እድር ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን ለማሻሻል ተቀምጦ ነበር። ሁለት ሐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው፣ አባሉ ያሳደገው ልጅ በሦስት የሰፈር ምስክሮች ቃል እንደ ልጅ ይመዝገብ የሚል ነው። ብዙም ሳያከራክር አለፈ፤ የተከራከሩት ምስክሮቹ ሦስት ይሁኑ አምስት በሚለው ላይ ብቻ ነው፤ ያሸነፈውም ሦስት ነው። እትዬ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸውን አላወጡም፣ አልተናገሩምም። ለእርሳቸው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ነገር የለውም።

ሁለተኛው ግን ቤቱን አናወጠው። በአንድ ክፍል የሚኖሩ ፋብሪካ ሠራተኞች እንደ አንድ ቤት ይመዝገቡ፣ አንድ መዋጮ ይክፈሉ፣ ከመካከላቸው ወይም ከወላጆቻቸው አንዱ ሲሞት እድሩ ይድረስላቸው የሚል ነበር። ሒሳብ ያዡ ተቃወሙ። አራት ልጆች ማለት ስምንት ወላጅ ነው፤ መዋጮው የአንድ ቤት፣ ሞቱ የአራት ቤት ይሆናል አሉ። የማያስኬድ ክርክር አልነበረም። አንድ አዛውንት ደግሞ ከዚያ አለፍ ብለው «እሺ፣ ከእነዚህ አባወራው ማን ሊባል ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ሐሳቡን ካቀረቡት አንዷ፣ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የፓርኩን መታወቂያ አንገቷ ላይ ያደረገች ልጅ፣ ተነሥታ «በተራ ነን፣ አባባ» አለቻቸው። «የዚህ ወር እኔ ነኝ።»

አዛውንቱም ሳቁ። ሰብሳቢው ዝርዝሩን አጥንቶ ለሚቀጥለው ጉባኤ የሚያቀርብ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ፤ ሒሳብ ያዡና ልጅቱ ኮሚቴው ውስጥ ገቡ። እስከዚያው ልጆቹ ለየራሳቸው መዋጮ እየከፈሉ እንዲቆዩ ተወስኗል።